የይስማው ጽዋ ለማን ይድረስ

በአንድ ወቅት፣ ዓመቱን ካልነገርከን የሚል ካለ እሱን ለቆጣሪዎች እንተወውና፣ ወይን ውኃ በምትባል የደጋ መንደር አንድ የመድኃኔዓለም ማኅበር ነበረ። ማኅበርተኞቹ እንደ ሐዋርያት አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ ሦስተኛ ሰው አይጨመርም። ወር በገባ በሃያ ሰባት በተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ በነጭ ሻሽ የተሸፈነው ጽዋም ከባለ ተራው ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። የተጣላ ካለ ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ከልጆቹ አንዱ ተተክቶ በቦታው ይቀመጣል። አንዱ ብቻ ነው ታዲያ። ሟቹ የፈለገውን ያህል ልጅ ቢወልድ ቦታው ያው አንድ የሰው ቦታ ነው።

የማኅበሩን አለቃ ሙሴ ብሎ መጥራት የአገሩ ልማድ ነው። የዚህ ማኅበር ሙሴ አያ ሽባባው ይባሉ ነበር። ባሕር ያሻገረው ሙሴ ሌላ ነው፤ እኚህኛው የመንደሩን ምንጭ እንኳ እግራቸው ሳይርስ ተሻግረው አያውቁም። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሲፈርዱ አይቸኩሉም። ሁለት ሴቶች ባንዲት ዶሮ ተካሰው መጥተውባቸው፣ ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ዶሮዋ እንቁላል ጥላ፣ ታቅፋ፣ ጫጩት ፈልፍላ አረፈችው ይባላል። ሴቶቹ ጫጩቶቹን ተካፍለው በገዛ እጃቸው ታረቁ። አያ ሽባባው ግን ያስታረቅኋቸው እኔ ነኝ ይላሉ።

እንዲህ ላለው ሰው ነው እንግዲህ የልጅነት ወዳጃቸው አያ ይስማው ያን ከባድ አደራ የሰጧቸው።

አያ ይስማው ሰኔ ላይ ታመው ተኙ። ሚስታቸው ቀድማ አርፋለች። ሦስቱ ልጆቻቸው በአልጋው ዙሪያ ቆመዋል፤ አያ ሽባባው ደግሞ ራስጌ ተቀምጠው እጃቸውን ይዘዋል።

«ሽባባው፣ ቦታዬ ባዶ እንዳይቀር» አሉ አያ ይስማው።

«ልጆች አሉህ። የትኛውን ልተካ?»

ታማሚው ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩአቸው። አይተው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዛሬ ልምረጥ ብል አዳላለሁ። ጥቅምት ላይ ክብረ በዓሉ አለ። ያን ጊዜ እያቸው። ለበዓሉ የታመነውን ልጄን በቦታዬ አስቀምጥ። ቃል ግባልኝ።»

አያ ሽባባው ቃል ገቡ። ለሚሞት ወዳጅ ቃል መግባት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ሰውየው ከሞተ በኋላ ያለው ነው። አያ ይስማው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ በተሰበሰበ ቁጥር ያ ባዶ ቦታ አያ ሽባባውን ፊት ለፊት ያያቸው ጀመር። ጎረምሳ ሆነው አብረው ከብት የነዱ፣ አብረው የተኳረፉ፣ አብረው ያረጁ ሰው ቦታ ነው። ናፈቋቸው፤ በጣም ናፈቋቸው። ያ ቦታ ላልተገባው ሰው ከተሰጠ ወዳጃቸውን ሁለተኛ የቀበሩ ይመስላቸው ነበር።

ሦስቱም ልጆች ቦታውን ይፈልጉታል። አንሙት የበኩር ልጅ ነው፤ የአባቱን በሬ፣ የአባቱን ማሳ፣ የአባቱን ዝምታ ሳይቀር ወርሷል፤ የአባቱ ቦታ ለሌላ ሲሰጥ ማየት አይሆንለትም። ጠጅቱ ሴት ልጅ ናት፤ የአባቷ ተራ በደረሰ ቁጥር ጠላውን የምትጠምቀው፣ ዳቦውን የምትደፋው እሷ ናት፤ የማኅበሩን ጸሎት ዕድሜዋን ሙሉ ከጓዳ ሆና በመጋረጃ ስትሰማ ኖራ አንድ ቀን ከመጋረጃው ወዲህ ልቀመጥ ብትል ምን ያስደንቃል? ላቀው ትንሹ ነው፤ ከአገር አገር ለሥራ ሲዞር መንደሩ «ያ ዘዋሪው» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ እሱ ደግሞ እዚህ ነው ቦታህ የሚለው ሰው እንደ ውኃ ጠምቶታል።

ክረምቱ ገባ። ላቀው እንደ ልማዱ በነሐሴ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ቆላ ወረደ። ሲሄድ አያ ሽባባውን ተሰናብቶ፣ «በዓሉን ባለሁበት አከብረዋለሁ፤ ርቋል ብለው እንዳይረሱኝ» አላቸው።

ጥቅምት ሃያ ሰባት ደረሰ።

በዚያ ደብር ልማድ በዕለቱ ታቦቱ ከመቅደስ ወጥቶ እስከ ታችኛው ሜዳ ይወርዳል። እዚያ ሕዝቡ ለታጨደውም ለቆመውም እህል ይለምናል። ካህኑ ይመራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ከዚያ ታቦቱ በሆታና በእልልታ ይመለሳል። ያን ዕለት ጠዋት ሰማዩ እንደ ታጠበ ሸማ ጥርት ያለ ነበር። ታቦቱ ሜዳው ላይ እንደ ደረሰ ግን ከምዕራብ በኩል ሆዱ የነጣ ጥቁር ደመና ብቅ አለ። ሆዱ የነጣ ደመና ምን እንደሚያመጣ ለገበሬ አይነገረውም። ወቅቱ ገብስ የታጨደበት ነው፤ ያልተከመረው ነዶ በየማሳው ተኝቷል።

በአንድ ዓይኑ ታቦቱን፣ በአንድ ዓይኑ ደመናውን የሚያየው ሕዝብ አንድ በአንድ መበተን ጀመረ። አንዱ «ጥጃዋ ውጭ ናት» አለ። አንዷ «ልጆቹን ቤት ዘግቼባቸው ነው የመጣሁት» አለች። አንዱ ምንም ሳይል ሄደ። ነጎድጓዱ ሲጮኽ ሜዳው ባዶ ቀረ ማለት ይቻላል። አያ ሽባባውም፣ ሙሴው፣ የገብስ ክምራቸውን ሣር ሊያለብሱ ነጠላቸውን አሸርጠው ቁልቁል ሲሮጡ ታይተዋል። ሙሴ ሲሮጥ ሕዝቡ ምን ይፈረድበታል?

አንሙት አልሮጠም። በታቦቱ ላይ ጃንጥላ የያዘው እሱ ነበር። ማሳው ከቆመበት በግልጽ ይታየዋል፤ የዓመት ልፋቱ ነዶ ሆኖ ተኝቷል፤ ሮጦ አንድ ላይ ቢከምረው ይደርስበት ነበር። አንዴ አየው። ታቦቱን የተሸከሙት የማኅበሩ ካህን መምሬ ኅሩይ ዓይኑን ተከትለው አዩና፣ «ሂድ ልጄ፣ አልቀየምህም» አሉት። «ሕዝብ ሳይከተለው ታቦት አይገባም፣ አባ» አለ አንሙት። በረዶው ወረደ። ጃንጥላው ተቀደደ። አንሙት የተቀደደውን ጃንጥላ ይዞ ጀርባውን ለበረዶው ሰጠ። ታቦት አይሮጥም፤ መምሬ ኅሩይና ዲያቆናቱ በዝግታ፣ እየቆሙ፣ እግዚኦታውን እየመሩ ሽቅብ ወጡ። ተቀባይ ሕዝብ የለም። የሕዝቡን ተቀብሎ የሚመልስ አንሙት ብቻ ነው። ድምፁ በሬ ለመጥራት እንጂ ለዜማ አልተፈጠረም፤ ቢሆንም ከሜዳው እስከ መቅደሱ በር ድረስ አንዲት ቃል ሳያስቀር ተቀበለ። ታቦቱ በክብር ገባ። ማሳው ላይ ገብስ የነበረው ጭቃ ሆኖ ነበር።

ጠጅቱ ሜዳው ላይ አልደረሰችም። ለአባቷ ዝክር የደፋችውን ዳቦ በራሷ ተሸክማ ወደ በዓሉ ስትመጣ ነው ደመናው የታያት። በመንገዷ ላይ የስንዱ ቤት አለ። የስንዱ ባል ክረምት ላይ ሞቷል፤ እሷ ራሷ ገና አራስ ናት፤ ከገብሷ በቀር ዓመቱን የምትሻገርበት ነገር የላትም። ገብሷም ታጭዶ ተኝቷል። ከጎኑ ደግሞ የአንሙት ማሳ አለ፤ የሁለቱም ነዶ ጎን ለጎን ነው፤ ለሁለቱም የሚበቃ ጊዜ የለም። ስንዱ በሯ ላይ ልጇን ታቅፋ ቆማ ደመናውን ታያለች። «ጠጅትዬ፣ በዓል ነው፣ ተይው» አለቻት። ጠጅቱ ዳቦውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፤ መቀነቷን አጠበቀች፤ ነዶውን በጀርባዋ እየተሸከመች ወደ ጎጆው ማግባት ጀመረች። የወንድሟን ነዶ አልፋ እየሄደች የስንዱን አነሣች። በረዶው ሲወርድ ጎጆው እስከ ጣሪያው ገብስ ሞልቶት፣ አራሷና ሕፃኑ በነዶ መካከል ተቀምጠው ነበር። ድንጋዩ ላይ የቀረው የአባቷ ዳቦ ግን በበረዶ ተቀጥቅጦ ሊጥ ሆነ።

የወይን ውኃ ሰው ደግሞ አንድ እምነት አለው። በበዓል ቀን ነዶ የነካ ሰው በአገሩ ላይ በረዶ ያመጣል ይባላል። በማግሥቱ ወሬው መንደሩን አዳረሰ። «በረዶውን ያመጣችው ጠጅቱ ናት!» ደመናው ቀድሞ ነው የመጣው፣ እሷ ነዶ ያነሣችው ኋላ ነው ቢባል ማን ሰምቶ። አብልጠው የጮኹት ደግሞ የገዛ ክምራቸውን ሊያለብሱ የሮጡት ናቸው። ማልበስና ማንሣት አንድ አይደለም እያሉ ይከራከሩ ነበር። አያ ሽባባው በዚህ ክርክር ውስጥ አለመግባትን መረጡ።

ጠጅቱ መምሬ ኅሩይ ዘንድ ሄደች። «ንስሐ ይስጡኝ፣ እቀበላለሁ» አለቻቸው። «ግን አልዋሽዎትም፣ ነገም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርገው።»

«ታዲያ ንስሐው ምን ይፈይድልሻል?» ብለው ሳቁ መምሬ ኅሩይ። ሳቁና መልሰው አዘኑ። ያዘኑት ስለ እሷ ይሁን ስለ መንደሩ አልተናገሩም።

ላቀው ያኔ ቆላ ነው። ሰሊጥ ለሰው ቀን አይሰጥም፤ ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው ተፈልቅቆ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ የእርሻው ካቦ በዓል የሚባል አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ካህን የለም፣ የሚደወል ደወል የለም። አጫጆቹ ሁሉ በነሐሴ የወረዱ ናቸው፤ ቀን የሚቆጥርላቸው ላቀው ነው። ጠዋት ጠዋት ማጭዱን ሲያነሣ የዕለቱን ቅዱስ ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሌሎቹ ይሰሙትና ቀኑን ያውቃሉ። አጫጆቹ የሚያድሩት በሁለት ዳስ ነበር፤ ሁለቱ ዳሶች በመጠጥ ውኃ ተጣልተው፣ በዱላ ተፈናክተው፣ ሰላምታ ካቆሙ ሰንብተዋል። ላቀው ቀኑ ሲደርስ ማጭዱን አስቀመጠና፣ «ዛሬ መድኃኔዓለም ነው፤ እኔ አላጭድም» አለ። ካቦው የዕለት ምግብህን አታገኝም አለው። «ሳልበላ እውላለሁ» አለ ላቀው። መጀመሪያ አንድ ሰው ከጎኑ ቆመ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ዳሱ በሙሉ፣ በመጨረሻም የወዲያኛው ዳስ። በተረፈቻቸው ዱቄት በድንጋይ ላይ ቂጣ ጋገሩ፤ ቅል ሙሉ ውኃ ለጽዋ አቀረቡ። ላቀው ቅሉን ይዞ፣ «በእኛ ማኅበር የተጣላ ከጽዋው አይቀምስም» አለ። ከዚያ ራሱ የተፈነከተው ሰውዬ ተነሥቶ የፈነከተውን አቀፈው፤ ያን ቀን የማይተዋወቁ ሰዎች እየተላቀሱ ጸለዩ። ጥቂት ቆይቶ ወባ ገባ። አንዱ ዳስ ሌላውን ዳስ አስታመመ። ከዚያ ቆላ አንድም ሰው ሳይሞትባቸው የተመለሱበት ዓመት ያ ነው ይላሉ።

ላቀው በኅዳር አጋማሽ ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ በርቶ ተመለሰ። ቤቱ ሳይገባ ወደ አያ ሽባባው ግቢ ሄደ። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። አያ ሽባባው እያዳመጡ እንባቸው መጣ፤ ይስማው ይህን ቢሰማ ብለው አሰቡ። ከዚያ፣ ሽማግሌ መቁጠር አይተውምና፣ በጣታቸው አንድ ነገር ቆጠሩ።

«ልጄ፣ ጳጉሜን ስንት ብለህ ነው የቆጠርካት?»

«አምስት ነዋ አያ ሽባባው። ስንት ልትሆን ኖሯል?»

«ዘመነ ሉቃስ አልነበረም እንዴ ያለቀው? የዚያ ዓመቷ ስድስት ነበረች።»

ላቀው በየአራት ዓመቱ የምትመጣውን ያችን አንዲት ቀን ዘንግቷታል። ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ቆላው በሙሉ አንድ ቀን ቀድሞ ሲኖር ከርሟል።

«እና ያን ሁሉ ሰው የሰበሰብኩት…»

«በሃያ ስድስት ነው።»

«በሃያ ሰባትስ?»

«እኔ ምን አውቄ? ምን ስትሠሩ ነበር?»

ላቀው ግራ ቀኙን አየ። «ስናጭድ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እያንጎራጎርን።» ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

አያ ሽባባው ያን ሳምንት እንቅልፍ አጡ። በዶሮዋ ጉዳይ ጊዜ ፈርዶላቸው ነበር፤ ይህኛው ግን ጫጩት የሚፈለፍል ነገር አይደለም። መፍትሔ ፍለጋ መምሬ ኅሩይ ዘንድ ሄዱ።

«መጽሐፉ ምን ይላል?» አሏቸው።

«መጽሐፉማ ብዙ ይላል» አሉ መምሬ ኅሩይ። «እግዚአብሔር ቀን ለይቶ ያዘዘው ቀኑ ጠፍቶበት አይደለም፤ እኛ እንዳንጠፋፋ ነው። ቀን ባይቆረጥልን ኖሮ እኔ ሰኞ እጸልያለሁ፣ እርስዎ ሐሙስ ይጸልያሉ፣ ሳንተያይ እንሞት ነበር።»

«እንዲያ ከሆነ ቀኑን ሳይለቅ የቆመው አንሙት ነው።»

«ነው። ግን ያስቡት ሙሴ፤ እንዳንጠፋፋ ከሆነ የታዘዘው፣ ሜዳው ላይ ያን ዕለት ማን ነበረ? የተሰበሰበው ቆላ ነው።»

«በተሳሳተ ቀን!»

«በተሳሳተ ቀን። በኦሪት፣ በሩቅ መንገድ ላይ ሆኖ ፋሲካ ላመለጠው ሰው በሁለተኛው ወር እንዲያከብር ተፈቅዶለታል። ለዘገየ ሰው አለ ማለት ነው። ለቀደመ ሰው ግን እስካሁን ፈልጌ አላገኘሁም።»

«ጠጅቱስ?»

መምሬ ኅሩይ ጢማቸውን ዳበሱ። «በበዓል አርፋችሁ ተሰብሰቡ የሚለው ትእዛዝ አለ። በበዓላችሁ መበለቲቱና የሙት ልጅ አብረዋችሁ ደስ ይበላቸው የሚል ትእዛዝም አለ። ሁለቱም ከአንድ አፍ የወጡ ናቸው። ያን ዕለት አንዱን ለመፈጸም ሌላውን መተው ግድ ሆነባት።»

«እና ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ?»

«እኔ ጸሎት አደርሳለሁ። ጽዋውን የሚያቀብሉት እርስዎ ነዎት።»

አያ ሽባባው እየተነጫነጩ ወጡ። ካህን ሲያስፈልግ እንዲህ ነው አሉ ለራሳቸው።

ኅዳር ሃያ ሰባት ተራው የራሳቸው የአያ ሽባባው ነበር። ማኅበርተኞቹ ተሰበሰቡ፤ ጸሎት ተደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ሦስቱ ልጆች በሩ አጠገብ ጎን ለጎን ቆሙ። አያ ሽባባው የሟቹን አደራ ለሁሉም ተናገሩና፣ «አንድ አንድ ቃል ተናገሩ። አታስረዝሙ» አሏቸው።

አንሙት ቀድሞ ተናገረ። «ቀኑ ሲደርስ በቦታዬ ነበርኩ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ጠጅቱ ቀጠለች። «እኔ በቦታዬ አልነበርኩም። አራስ ቤት ነበርኩ። በዚያ ቀን መድኃኔዓለምን ፈልጉት ብትሉኝ ግን ከዚያ ሌላ የት እንደምፈልገው አላውቅም።»

ላቀው ተከተለ። «ቀኑን ስቻለሁ» አለ። «ሰዎቹን ግን አልሳትኳቸውም። የተጣሉት ታርቀዋል። በሃያ ስድስት የታረቀ ሰው አልታረቀም ካላችሁ፣ እሺ።»

ማኅበርተኞቹ ተንጫጩ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን ወደ ጠጅቱ ቀስረው፣ «በዓል ሽራ አገር በበረዶ ያስመታች ከጽዋው ልትደርስ ነው?» አሉ።

ይኸኔ አንሙት ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «ከዚህ አገር በበረዶው እንደ እኔ የተመታ ሰው አለ? እስቲ ይናገር!» አለ። «ከእኔ ማሳ የተረፈ አንዲት ዘለላ የለም። ያመጣችብኝ እሷ ብትሆን የምከሳት እኔ ነበርኩ። አልከስም። እህቴን በዚህ ነገር ዳግመኛ የሚያነሣ ከእኔ ጋር ይጣላል፤ ከእኔ ጋር የተጣላ ደግሞ ከዚህ ጽዋ አይቀምስም።»

ሽማግሌው ጣታቸውን አጠፉ።

ጠጅቱ ወንድሟን አየችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ጉዳይ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። «አንሙቴ» አለችው በዝግታ፣ «ያንተን ነዶ አልፌ ስሄድ ሆዴ አልቻለም ነበር።»

«ብታነሽልኝም በበዓል የተነሣ ነዶ ከደጄ አላደርሰውም ነበር» አላት አንሙት። ከምሩ ነው፤ ያን ሲል ግን ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ነበረ። ላቀው ሁለቱን አይቶ ሳቀ፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስቱ አብረው ሲስቁ የታዩት ያኔ ነው። አያ ሽባባውም ሳያስቡት ሳቁ። ልባቸው ሞቅ አለ፤ ይስማው ክፉ ልጅ አልወለደም አሉ።

ሳቁ አለቀ። ጽዋው ይጠብቃል።

አያ ሽባባው ሻሹን ገለጡ፤ ጽዋውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ቆሙ። ሦስቱን አዩአቸው። ሰው ሁሉ ሲበተን አንዱ ብቻውን ሕዝብ ሆኖ ታቦቱን አስገባ፤ ይህን ያላከበረ ማኅበር ነገ በዓል ቢያውጅ ማን ይቆምለታል? አንዷ የአባቷን ዳቦ ለበረዶ ትታ ለመበለቲቱ እንጀራ አተረፈች፤ ይህን ያላከበረ ማኅበር ዳቦ መቁረሱ ለምን ነው? አንዱ በማያውቀው አገር፣ በሌላ ቀን፣ ጠላቶችን ከአንድ ቅል አጠጣ፤ ይህን ያላከበረ ማኅበር ራሱስ ማኅበር ነው? ሦስቱም በአንድ ላይ ቢቀመጡ የይስማው ቦታ ሙሉ በሙሉ ይሞላ ነበር። ቦታው ግን የአንድ ሰው ነው፤ ቃሉም ለሞተ ወዳጅ የተገባ ቃል ነው፤ ሊለውጡት አይችሉም።

ክንዳቸው መዛል ጀመረ። መምሬ ኅሩይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሦስቱ ልጆች እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ማንም ማንንም አይገፋም። አያ ሽባባው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመዱ።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ሰው ሁሉ በየቤቱ እየተከራከረ እንደየልቡ ይጨርሰዋል። እንግዲህ እናንተም ተከራከሩ፤ ብትካረሩ ግን ታርቃችሁ ተነሡ። ጽዋው በእጃችሁ ቢሆን፣ ለበዓሉ የታመነው ከሦስቱ የትኛው ነው? ለማንስ ታቀብሉታላችሁ?